ቀድሞ የደረሰ እድር

እኛ ለሞተ ሰው ስንሆን የሚስተካከለን ያለ አይመስለኝም። እገሌ አረፈ ሲባል ሱቁን ዘግቶ የሚመጣው፣ በሬውን ፈትቶ የሚሮጠው፣ ባጃጅ አስቁሞ "ለቅሶ ነኝና ቶሎ በል" የሚለው ስንቱ ነው! ያንኑ ሰው ባለፈው ሳምንት ገበያ ላይ አግኝተነው "ደህና ነህ?" ብለን መልሱን ሳንሰማ አልፈነው ነበር። የቀብሩ ዕለት ስለ ደግነቱ የምናወራውን በጆሮው ቢሰማው ኖሮ፣ እንኳን ሊሞት፣ ዕድሜ ይጨመርልኝ ብሎ ይሳል ነበር። አሁን እስቲ እውነቱን እናውራ፤ ከእናንተ ውስጥ በሕይወት እያለ "አንተ እኮ ጥሩ ሰው ነህ" የተባለ ማን አለ? የተባለም ካለ፣ ቀጥሎ ብድር ተጠይቋል።

ይህን የምለው ከዳር ቆሜ አይደለም። ዳንግላ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የእድራችን ድንኳን ሲቀደድ የሚጣፈው በእኔ የስፌት መኪና ነው። ስለዚህ በሰፈራችን ማን እንደሞተ ከጥሩምባ ነፊው ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ስንት ለቅሶ አይቻለሁ። የእትዬ አንጓች ወንድም ለቅሶ ግን ከሁሉም ይለያል።

እትዬ አንጓችን ገበያችንን የረገጠ ሁሉ ያውቃታል። ድንችና ነጭ ሽንኩርት ትሸጣለች። ቁመቷ አጠር ያለ፣ ድምፅዋ ግን ከገበያው ወዲያ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። ወንድሟ ላቀው የቀርከሃ ወንበር የሚሠራ፣ ዝምተኛ፣ እጁ የተባረከ ሰው ነበር። ላቀው ራሱን አጠፋ። ድንኳኑ ውስጥ ግን ይህንን የሚናገር አልነበረም። የገባው ሁሉ የየራሱን የሐኪም ማስረጃ ይዞ የመጣ ይመስል፣ አንዱ "ልቡ ነው አሉ" ሲል፣ ሌላው "ደም ብዛት ነው" ይላል፤ ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ድንገት ነው" ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል። እኔም "ድንገት ነው" ከሚሉት ጋር ነበርሁ።

በሠልስቱ እትዬ አንጓች ከተቀመጠችበት ተነሣች። ልታመሰግነን ነው ብለን ጸጥ አልን።

"ወንድሜ ልቡም አልነበረም፣ ደም ብዛትም አልነበረም" አለች። "ራሱን ነው ያጠፋው። ከፋሲካ ወዲህ ከሰው ጋር መብላት ትቶ ነበር። እኔ አይቻለሁ፤ እናንተም አይታችኋል። ኮርቶ ነው አልን፣ ተቀይሞ ነው አልን። ታሞ ነበርኮ! ዛሬ እዚህ የሞላነው ሰዎች ያኔ አንድ አንድ ቀን እንኳ አጠገቡ ብንቀመጥ ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። ብንሞክረው ኖሮ ግን ደስ ይለኝ ነበር።"

ይህን ብላ ተቀመጠች። ቀና ብዬ የጣፍሁትን የድንኳን ጣሪያ ብቻ አየሁ።

ከዚያ የእድሩ ስብሰባ መጣ። ከቅዳሴ በኋላ ነበር። እትዬ አንጓች እጇን አውጥታ ሐሳብ አለኝ አለች፤ ሐሳቧም አጭር ነበር። እድሩ ለሞተ ብቻ ሳይሆን መኖር ለከበደው ሰውም ይድረስ። የእድራችን ዳኛ ጋሼ ዋለ ናቸው፤ በእድሩ ደንብ ላይ ቀልድ የማያውቁ አዛውንት።

"እድር የሚደርሰው ለሞተ ነው፣ አንጓች" አሉ። "ደንባችን የሚለው እንዲህ ነው።"

"እና ጋሼ፣ ሰውየው እስኪሞት እንጠብቀው ነው የሚሉኝ?"

ሰው ሳቀ። ወዲያው ደግሞ የሳቀው ሁሉ ደነገጠ። ነገሩን የፈቱት ከኋላ ተቀምጠው የነበሩት የደብሩ ቄስ ናቸው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡና "ያለፉትን የሚያውቃቸው እግዚአብሔር ነው፤ በእሱ ሥራ አንግባ። የቆሙትን ጠብቁ የተባልነው ግን እኛ ነን" አሉ። ከዚህ በኋላ ሐሳቡን የሚቃወም ጠፋ። የተከራከርነው በስሙ ላይ ብቻ ነው። አንዱ "የቁም እድር" ይባል ሲል፣ ሌላው "በቁሜ ቀበራችሁኝ እንዳይመስል" አለ፤ እስኪመሽ ድረስ ስም ፈልገን አጣን። ያለ ስም ተጀመረ። ሰዉ ግን "የአንጓች ነገር" አለው፤ እስከ ዛሬም ስሙ ይኸው ነው።

የአንጓች ነገር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ሲነግሩት ያሳፍራል፤ ቀላል ስለሆነ። እገሌ ከሰው ራቀ፣ እገሊት ከተኛች አልነሣ አለች ሲባል ወሬው እትዬ አንጓች ጋ ይደርሳል። እሷ አንድ ሰው አስከትላ ትሄዳለች። ሄዶ መቀመጥ ነው። መጠየቅ ነው። ከበድ ካለ ደግሞ ይዞ ሐኪም ቤት መውሰድ፣ ቤተሰቡንም ብቻውን አለመተው ነው። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ እንዲያስተምረን የአእምሮ ጤና ነርስ ከሐኪም ቤት ለምነን አመጣን፤ ዝናብ ነበርና ድንኳኑን ተከልን። መንገደኛው ሁሉ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ሊያለቅስ ገብቶ፣ ትምህርት ሰምቶ ወጣ።

አሁን ወደ ሙላት ልምጣ።

ሙላት ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነው፤ ከገበሬነቱ በላይ ግን ፈረሰኛ ነው። በእኛ አገር ፈረሰኛ የሚባል ሰው ምን ያህል ሰው እንደሆነ ለአዊ ሰው አልነግርም። ጥር ላይ ለፈረሰኞች በዓል ፈረሱን ሸልሞ ሲወጣ ሴቱ እልልታውን፣ ወንዱ ቅናቱን መያዝ ያቅተው ነበር። ታዲያ ባንዱ በዓል ፈረሱ ተደናቅፎ ከነሙላቱ ወደቀና እግሩ ተሰበረ። እግሩ ሳይጠና ሚስቱ ታማ ሞተች። እድራችን እንደ ወጉ ደረሰ፤ ድንኳኑን ተከልን፣ አለቀስን፣ ነቀልን፣ ሄድን። ሙላት ብቻውን ቀረ።

አንድ የገበያ ቀን ሱቄ ውስጥ የሰው ሱሪ እያሳጠርሁ እትዬ አንጓች እያለከለከች ገባች። ድንቿን ለጎረቤቷ ትታ ነው የመጣችው፤ ይህ ብቻውን ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር።

"ይርጋ፣ ተነሥ!"

"ወዴት?"

"ሙላት ፈረሱን ለአማቹ ሰጠ። ከነኮርቻው። ነጭ ሽንኩርት ሊገዛ የመጣ ሰው እንደ ዋዛ ነገረኝ።"

"ደግ ሰው ነው ማለት ነዋ" አልሁ፣ ከመርፌዬ ቀና ሳልል።

"ይርጋ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ሙላት ፈረሱን ሰጠ።"

ያን ጊዜ ገባኝ። የሰውየውን ሱሪ አንዱን እግር አሳጥሬ፣ ሌላውን እንደ ረዘመ ትቼ ተነሣሁ።

ባጃጁ መንገዱ እስካለ ድረስ አደረሰን፤ የቀረውን በእግር ሄድን። ሙላት ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ግቢው ተጠርጓል፣ ልብሱ ንጹሕ ነው፣ ሰላምታውም የተሟላ ነው፤ ዓይኑ ግን እኛን እያየ እኛ ጋ አልነበረም። "ግቡ" አለን። አልገባንም፤ እትዬ አንጓች አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ እኔም ተቀመጥሁ።

በአውኝኛ፣ በአዊዎቹ ቋንቋ፣ ያወሩ ጀመር። እኔ ወላጆቼ ከቡሬ የመጡ ናቸውና ከሰላምታ ያለፈ አውኝኛ የለኝም። ስለዚህ የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። እሷ ድምፅዋን ያን ቀን የት እንደ ደበቀችው አላውቅም፤ እንደ ሹክሹክታ ነበር። ትጠይቀዋለች፣ ባጭሩ ይመልሳል። ስለ እግሩ፣ ስለ ሚስቱ መሆኑን ከእጆቻቸው ተረዳሁ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ ፊት ለፊት፣ ዓይን ዓይኑን እያየች። ሙላት አንገቱን ደፋ። አንድ ሁለት ቃል ተናገረ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያ ጎበዝ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷ እጇን ጀርባው ላይ አደረገች። አታልቅስ አላለችውም።

በኋላ ውኃ ልትቀዳለት ስትነሣ ተከተልኋት።

"ምን ብለሽ ነው የጠየቅሽው?"

"ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ አልሁት።"

"እንዲህ ይባላል? ያላሰበውን ታሳስቢዋለሽ እኮ!"

"አስቦ ነበር፣ ይርጋ።" ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "ነርሱ በግልጽ ጠይቁ ሲለን ምን ስትሰማ ነበር? ሙላት ምን አለኝ መሰለህ? 'ማንም ጠይቆኝ አያውቅም' አለኝ።"

እሷ ከእሱ ጋር ስትቀር እኔ አማቹንና ጎረቤቶቹን ልጠራ ሮጥሁ። ሰዎቹ መጡ፤ ብቻውን ሳንተወው፣ በማግሥቱ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ነርሱ ብዙ አዋራው፤ ሐኪሙም አይቶ መድኃኒት አዘዘለት። ከዚያ የእድሩ ተራ ሆነ። አንዱ ምግብ ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው እርሻውን ያርስለታል፣ ቄሱ እየሄዱ አብረውት ይጸልያሉ፣ መድኃኒቱንም እንዳያቋርጥ ይመክሩታል። እኔ የሰው ልብስ ይዤ እየሄድሁ እጁ ሥራ እንዳይፈታ ቁልፍ አስተክለዋለሁ፤ አንድም ቀን በቦታው ተክሎት አያውቅም።

ተአምር ሆነ ብላችሁ እንዳታወሩብኝ። ነገሩ ቀና መንገድ አልነበረም። ተሻለው ባልን ማግሥት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚውልበት ቀን ነበር። መድኃኒቱ እንቅልፍ አበዛብኝ ብሎ ሊተወው ሲል ሐኪሙ ሌላ እስኪቀይርለት ድረስ ለምነን ነው ያቆየነው። ተስፋ የቆረጠ ጎረቤትም ነበር፤ "የሰው ልጅ ካልፈለገ ምን ይደረጋል" ያለን። እትዬ አንጓች መልሳ "ባይፈልግ ኖሮ በሩን ይከፍትልናል?" አለችው።

የሙላትን ሳቅ መልሰው ያመጡት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ጋሼ ዋለ። አዎ፣ የደንቡ ሰውዬ። ገበጣ ሊያጫውቱት መመላለስ ጀምረው ነበር፤ በእድሩ ደንብ ላይ ጥብቅ የሆኑት አዛውንት ለካ ገበጣ ላይ የለየላቸው አጭበርባሪ ናቸው! ባንዱ ከሰዓት እኔም ባለሁበት፣ ጠጠር ሲደብቁ ሙላት እጃቸውን ያዘ። "ጋሼ ዋለ፣ ሰረቁኝ!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሳቀ። ሳቁን ራሱም ስለረሳው ነው መሰለኝ፣ ደንግጦ አፉን ያዘ። ጋሼ ዋለ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቆጡ መስለው ወጡ፤ አጥሩ ጥግ ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። "አቧራ ነው" አሉኝ። አቧራ ነው አልሁ።

ጥቂት ቆይቶ አማቹ ፈረሱን እየጎተተ መጣ። "ይሄ እንስሳ እኔን አይወደኝም፤ ውሰድልኝ" አለ። ውሸቱን ነው፤ እንደ ልጁ ነበር የያዘው። በመጣው ጥር ሙላት ከፈረሰኞቹ መካከል ወጣ፤ አንዱን እግሩን እንደ ዱላ ቀጥ አድርጎ፣ እንደ ድሮው አንገቱን ቀና አድርጎ። እትዬ አንጓች እልል ብላ እልል ብላ ድምፅዋ ተዘጋ። በሚቀጥለው ገበያ ድንች የሸጠችው በእጇ ምልክት ነው።

ይህ ሁሉ ወሬ የዞናችን ከተማ እንጅባራ ደረሰ። ከዞኑ ስልክ ተደወለ፤ ለላቀ የማኅበረሰብ አገልግሎት ዕውቅና ልንሰጣችሁ ነው ተባለ። ሚኒባስ ተኮናትረን፣ ነጭ በነጭ ለብሰን፣ ጋሼ ዋለን ከፊት አስቀምጠን ሄድን። የእንጅባራን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ከውጭው ይብሳል። መድረኩን የሚመራው አቶ ጌትነት የሚባል፣ ከረባቱን ጥብቅ አድርጎ ያሰረ ኃላፊ ነበር። ንግግሩ ያማረ ነው። "በማኅበረሰባችን ውስጥ የሚስተዋሉ አንዳንድ ጉዳዮችን አስቀድሞ በመከላከል ረገድ" ይላል፤ "ከተጠቀሰው ጉዳይ አኳያ" ይላል። ጉዳዩ ግን አልተጠቀሰም። ከውጭ ለገባ ሰው ስለ ወባ የሚወራ ይመስለዋል።

እትዬ አንጓች ተጠራች። በመስታወት የተደረገ ትልቅ የምስክር ወረቀት ተሰጣት፤ ተቀብላ ለጋሼ ዋለ አስታቀፈቻቸውና ማይኩን ያዘች። ማይክ እንደማያስፈልጋት የነገራቸው አልነበረም፤ ፊት ረድፍ የነበሩት ጆሯቸውን ያዙ።

"እኔ የመጣሁት ሰው ራሱን እንዳያጠፋ ስለተሠራ ሥራ ነው" አለች። ቃሉ እንደ ወደቀ ሳህን አዳራሹን ሞላው። "ወንድሜን በዚህ አጥቻለሁ። ወንድሜ ክፉ አልነበረም፣ ሰነፍም አልነበረም፤ ታሞ ነበር። ከእሱ በኋላ ግን እድራችን ቀድሞ መድረስ ተማረ። ሽልማቱን ለእኔ አላችሁት፤ እኛ አጠገቡ ተቀመጥን እንጂ ታግሎ የኖረው ሌላ ሰው ነው። ሙላቴ፣ ና ውጣ! ደስ ካለህ ነው።"

ሙላት ተነሣ። እያነከሰ ወደ መድረኩ ወጣ። ሕዝቡን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ ሙላት ነኝ" አለ። "ሞት የምፈልግ ይመስለኝ ነበር። የፈለግሁት ሕመሙ እንዲተወኝ ነበር። ይህንን ያወቅሁት ሰው ሲጠይቀኝ ነው። እዚህ እንደ እኔ የሆነ ሰው ካለ፣ ይናገር። ያልፋል፤ እኔ አይቼዋለሁ።"

ሌላ አላለም። አዳራሹ ግን ተነሣ። ጭብጨባ ነው ልበላችሁ? ጭብጨባ ብቻ አልነበረም። ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ፈረሰኛ ያለፈ ይመስል እልልታው ከዳር ዳር ተያያዘ። እኔ ተራ ልብስ ሰፊ፣ የዓለምን ዋንጫ በእጄ የያዝሁ ያህል ደረቴ ተነፋ።

ምሳ ተዘጋጅቷል ተባለ። ወደ ምግቡ ስናመራ አቶ ጌትነት እትዬ አንጓችን ከበሩ አጠገብ አስቆማት። ከረባቱ ላልቷል።

"እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና..." አለ። "ልጄ ፍሬሕይወት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አላለፈችም። ተቆጣኋት። ከዚያ ወዲህ ከክፍሏ አትወጣም፤ አታዋራኝም። ትላንት ለእናቷ 'እኔ ባልኖር ይሻላችኋል' አለቻት። ምን ማለቷ ነው?"

"ያለችውን ማለቷ ነው፣ ልጄ" አለች እትዬ አንጓች። "አሁን ማን አለ አጠገቧ?"

"እናቷ አለች።"

"ቤትህ የት ነው?"

ምሳው ቀረ። ሽታው ደርሶን ነበር፤ ጋሼ ዋለ ምሳ በማምለጡ ያዘኑትን ያህል በማንም ሞት አላዘኑም። ሆኖም ቀድመው ሚኒባሱ ውስጥ የገቡት እሳቸው ናቸው።

ሁላችን ልጅቷ ላይ አልተግተለተልንባትም። እኛ ሳሎን ስንቀመጥ እትዬ አንጓች ብቻዋን ወደ ክፍሏ ገባች። ድምፅዋ ከሹክሹክታ አያልፍም፤ ይህንን ድምፅ ከሙላት ደጅ አውቀዋለሁ። አባትየው በሩን እያየ እጁን ያሻል፣ ይነሣል፣ ይቀመጣል። ሙላት አጠገቡ ሄዶ ተቀመጠ፤ ኃላፊውና ገበሬው ትከሻ ለትከሻ ሆነው በሩን ጠበቁ። ብዙ ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ዓይኗ አብጦ ወጣች። አባትየው ተነሣና "ፈተናው ገደል ይግባ፣ ልጄ" ብሎ ሌላ ሳይጨምር አቀፋት። ግድ የለም፤ የሚያስፈልገውን ብሎታል።

ዛሬ ፍሬሕይወት ደህና ናት። በዚያው ሳምንት ከወላጆቿ ጋር ሐኪም ቤት ሄዳ ሕክምናዋን ጀመረች፤ አሁን የኮሌጅ ተማሪ ናት፤ ከእትዬ አንጓች ጋር በስልክ ይጨዋወታሉ፣ ማለትም እትዬ አንጓች ትናገራለች፣ መላው ገበያ ይሰማል። ግን ያን ቀን ልንሄድ ስንወጣ የሆነውን ሳልነግራችሁ አልለያችሁም።

ልጅቷ ልትሸኘን አብራን እስከ ግቢው በር መጣች። ነጭ የለበስን ሴቶችና ወንዶች ተከታትለን እንወጣለን። ከፊት ጋሼ ዋለ በመስታወት የተደረገውን የምስክር ወረቀት በደረታቸው አቅፈው፣ በተራበ ሆዳቸው አንገታቸውን ደፍተው ይራመዳሉ። አንዲት ጎረቤት ዘንቢሏን ይዛ ከገበያ ስትመለስ አየችን። እኛን አየች፣ ጋሼ ዋለ ያቀፉትን መስታወት አየች፣ የሟች ፎቶ መስሏት ዘንቢሏን ጥላ ሁለት እጇን ወደ ላይ ሰቀለች።

"ወይኔ! ወይኔ ጎረቤቶቼ! ማን ሞተ? ማነው የሞተው?"

ከሁላችን ቀድማ የመለሰችው ፍሬሕይወት ናት።

"ማንም አልሞተም፣ እማማ" አለች። "እኔን ሊጠይቁ መጥተው ነው።"